ደን ሲቈራረስ አራዊት ወዴት ይሂዱ?

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ቃል ስለ ደንና ስለ ዱር አራዊት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን የምንጀምረው ከደን ውስጥ ሳይሆን ከከተማ፥ ያውም ከወጥ ቤት ደጃፍ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ፥ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ለሥራ ጕዳይ ጥቂት ጊዜ ሰንብተን ነበር። ሰፈሩ የተጠራው በ1984 በሞተው በዝነኛው የሶማሌ ዘፋኝ ስም ነው። ጧት ጧት ከእንቅልፋችን የሚያነቃን፥ ከሰል ሻጩ ጆንያውን ከጫንቃው አውርዶ ከደጃፍ ሲጥለው የሚሰማው ድምፅ ነበር። ያረፍንበት ቤት እመቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ጧት፥ እኛ ባደግንበት አገር ፈርኔሎ በምንለው የከሰል ምድጃ ላይ ሻይ ሲያፈሉ፥ «እናታችን፥ ይህ ከሰል ከወዴት ይመጣል?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ እኔ ሙሽራ ሳለሁ እንጨቱ ከከተማው ዳር ነበረ። ዛሬ ግን የጭነት መኪናው ሌሊቱን ሁሉ ይጓዛል ይላሉ» አሉን። ጥቂት ዝም ብለውም፥ «አባቴ ፍየል ሲጠብቅ ሚዳቋ ከፍየሎቹ ጋራ ተቀላቅላ ስትበላ ያይ ነበር። የልጅ ልጆቼ ግን ሚዳቋን የሚያውቋት በሥዕል ነው» ብለው ጨመሩ።

ይህ የእመቤቲቱ ቃል የአገሩን ስሞች እንድንመረምር አደረገን። ሐርጌሳ የምትገኝበት አውራጃ ማሮዲ ጄሕ ይባላል፤ «ማሮዲ» በሶማልኛ ዝሆን ማለት ነው። ከከተማው ወደ ምሥራቅ በሚገኘው በጎሊስ ተራሮች ላይ፥ ጥድ የበቀለበት ጋዓን ሊባሕ የሚባል ስፍራ አለ፤ ትርጓሜውም የአንበሳ መዳፍ ማለት ነው። ካፒቴን ስዌይን የሚባል እንግሊዛዊ መኰንን በ1895 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፍ፥ በዚያ አገር ዝሆንና አንበሳ ይታደን እንደ ነበረ ጽፏል። ከሐርጌሳ ብዙ ሳይርቅ በላስ ጌል ዋሻዎች፥ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በድንጋይ ላይ ከተሣሉት ከብቶች መካከል ቀጭኔ ትታያለች። ዛሬ ዝሆኑም አንበሳውም ከዚያ የሉም። ስሙ ቀርቷል፤ ባለስሙ ግን ሄዷል።

አራዊቱን ያጠፋቸው የአዳኝ ጥይት ብቻ ነውን? ጥይት ድርሻ እንዳለው አይካድም። ነገር ግን ድምፅ የሌለው፥ ከጥይትም ይልቅ ሥር የሰደደ ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም የደኑ መቈራረስ ነው።

ደን መቈራረስ ማለት ምን እንደ ሆነ በቤታችን ዕቃ እንግለጸው። አንድ ሰው ጋቢ አለው እንበል። ጋቢውን በመቀስ ቈርጦ ሃያ ቦታ ቢከፍለው፥ ጨርቁ በሚዛን ሲመዘን እንደ ቀድሞው ነው፤ ከክብደቱ የጐደለ የለም። ዳሩ ግን ሰውየው ማታ ብርድ ሲመጣ ከሃያው ቁራጭ አንዱም አያለብሰውም። ደንም እንደዚሁ ነው። መንገድ በመካከሉ ሲያልፍ፥ እርሻ በዚህና በዚያ ሲገባ፥ ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ዛፉን መርጠው ሲቈርጡ፥ የተረፈው ደን በመዝገብ ሲደመር ብዙ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በውስጡ ለሚኖረው ፍጥረት አገሩ ደሴት ደሴት ሆኖበታል።

ከኖኅ መርከብ ታሪክ የተነሣ፥ አንድ ወንድና አንድ ሴት ከተረፉ ዘሩ አይጠፋም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። በመርከቢቱ የሆነው በእግዚአብሔር ጥበቃ ነበረ። በተራው ምድር ላይ ግን ጥቂቶች በአንድ ቁራጭ ደን ተዘግተው ሲቀሩ ልዩ ልዩ መከራ ያገኛቸዋል።

ፊተኛው መከራ የምግብ ነው። ፍሬ የሚበላ ጦጣ ዓመቱን ሁሉ ከአንድ ዛፍ አይጠግብም፤ አንዱ ሲያፈራ ከዚህ፥ ሌላው ሲያፈራ ከዚያ ይሄዳል። ሁለተኛው የጋብቻ ነው። በብዙ የጦጣ ወገን ዘንድ ወንዱ ሲጐለምስ ከተወለደበት መንጋ ወጥቶ ወደ ሌላ መንጋ ይገባል፤ በዚህም ዘመድ ከዘመድ ከመጋባት ይድናል። መንገዱ በእርሻና በመንደር ሲዘጋ ግን ወይ በመንገድ ላይ በውሻ ይሞታል፥ ወይ ከዘመዶቹ መካከል ይቀራል፤ ዘሩም ከትውልድ ወደ ትውልድ ይደክማል። ሦስተኛው የዳር መከራ ነው። ደኑ ባነሰ መጠን ዳሩ ይበዛል፤ ፀሐይና ነፋስ ከጎን ገብተው ታላላቆቹን ዛፎች ያደርቃሉ። አራተኛው የበሽታ ነው። በኡጋንዳ፥ ከኪባሌ ደን ውጭ በቀሩት ትንንሽ ደኖች የሚኖሩ ቀይ ጉሬዛዎች፥ በታላቁ ደን ከሚኖሩት ይልቅ የሆድ ትላትል በዝቶባቸው ተገኝተዋል።

ይህን ነገር በጥንቃቄ ለመመርመር ቶማስ ላቭጆይ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ ከ1979 ጀምሮ በብራዚል አገር በማናውስ ከተማ አጠገብ ታላቅ ሥራ አቋቋሙ። ደኑ ለከብት ማሰማሪያ ሲመነጠር፥ 1 ሔክታር፥ 10 ሔክታርና 100 ሔክታር የሆኑ ቁራጮች እንዲቀሩ አስደረጉ። በአገራችን ልማድ አንድ ጋሻ መሬት 40 ሔክታር ያህል ስለሆነ፥ ትልቁ ቁራጭ ሁለት ጋሻ ተኩል መሆኑ ነው። ከዚያም በየቁራጩ የቀረውንና የጠፋውን ፍጥረት ከዓመት ወደ ዓመት መቍጠር ተጀመረ። ፍሬ ፍለጋ ሩቅ የምትሄደው ሸረሪት መሰል ጦጣ ከትንንሾቹ ቁራጮች ጠፋች። ቅጠል የሚበላው ጯሂው ጦጣ ግን በ10 ሔክታር ውስጥ እንኳ ተገኘ። ከዚህም የምንማረው፥ ደን ሲቈራረስ ሁሉም እኩል እንዳይጐዳ ነው። ሆዱ መራጭ የሆነ፥ ሩቅም የሚሄድ አስቀድሞ ይጠፋል፤ የተገኘውን የሚበላ ግን ይቈያል። በእኛም አገር ጉሬዛ በትንሽ ደን ውስጥ ሲኖር የምናየው ቅጠል ስለሚበቃው ነው።

አሁን ወደ ሶማሊላንድ እንመለስ። በዚያ አገር ተራሮች፥ እንዲሁም በሐረርጌ ቆላ፥ በኤርትራና ከቀይ ባሕር ማዶ በዓረብ አገር፥ በትግርኛ ህበይ የምንለው ባለ ጎፈር ዝንጀሮ ይኖራል። የጥንት ግብጻውያን ያከብሩት የነበረው ዝንጀሮ ይህ ነው። ሃንስ ኩመር የተባሉት የስዊስ ሊቅ በ1960 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፥ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው የባቡር ሐዲድ አጠገብ በኤረር ጎታ ኑሮውን መረመሩ። ይህ ዝንጀሮ ሌሊቱን የሚያድረው በዛፍ ላይ ሳይሆን በገደል ነው። አንዱ ወንድ ከሚስቶቹና ከልጆቹ ጋራ አንድ ቤተ ሰብ ይሆናል፤ አያሌ ቤተ ሰቦች ተሰብስበው ጭፍራ ይሆናሉ፤ ማታም ብዙ ጭፍሮች በአንድ ገደል ያድራሉ።

ታዲያ መኝታው ገደል ከሆነ የዛፍ መቈረጥ ምን ይጐዳዋል? የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ከማዕዱ ላይ ነው። ይህ ዝንጀሮ አልጋው ድንጋይ ቢሆንም ማዕዱ ግራር ነው፤ ከሚበላውም ብዙው የግራር አበባና ፍሬ ነው። በሶማሊላንድ ለከሰል አብልጦ የሚፈለገው ዛፍም ሶማሌዎች ገሎል የሚሉት የግራር ወገን ነው። ገደሉን የሚያቃጥል የለም፤ ማዕዱ ግን በየቀኑ በጆንያ ተሞልቶ ወደ ከተማ ይገባል። ከዚያም ዝንጀሮው ተርቦ ወደ ሰው እርሻና ወደ መንገድ ዳር ሲወጣ ሌባ ተብሎ በድንጋይ ይባረራል።

በከሰሉ ላይ ግን በቸኰላ አንፍረድ። ከሰል አክሳዩ በብዙ ጊዜ ከብቱን ድርቅ የጨረሰበት አርብቶ አደር ነው። በ2016ና በ2017 በወረደው ድርቅ በሶማሊላንድ እጅግ ብዙ ግመል፥ በግና ፍየል አልቋል። መንጋው ያለቀበት አባት ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ሥራ ሲያጣ መጥረቢያውን ያነሣል። ገዢዋም እናት ብትሆን ሌላ ማገዶ ስላላገኘች ነው። እኛም ራሳችን ከዚያው ጆንያ በወጣ ከሰል የፈላውን ሻይ ጠጥተናል፤ ስለዚህ ጥፋቱን በሌላው ላይ ብቻ ልንጥል አንችልም። በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ጥበቃ ምክር ቤት ከሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ነገር ግን ይህ ውሳኔ የሚመለከተው በመርከብ የሚወጣውን እንጂ በየቤቱ ምድጃ የሚነደውን አይደለም። በተለመደው የአፈር ጕድጓድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ6 እስከ 10 ኪሎ እንጨት እንደሚፈጅ ስናስብ፥ ከደጃፋችን የሚወድቀው ጆንያ ስንት ዛፍ እንደ ሆነ እንረዳለን።

በኢትዮጵያ ደግሞ ለዚህ ነገር የሚያሳዝንም የሚያስተምርም ምሳሌ የባሌ ጦጣ ነው። ይህ ጦጣ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ፥ በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለው ነው። ኦስካር ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ በ1902 ለሊቃውንት ባስታወቀው ጊዜ የሳይንስ ስሙን ከጃምጃም አገር አወጣለት። ዶክተር አዲሱ መኰንን የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ኑሮውን ለብዙ ዓመት ተከታትለዋል። በኦዶቡሉ ደን ከሚበላው ምግብ ከአራት እጅ ሦስቱን የሚበልጠው ቀርከሃ፥ ይልቁንም ለጋ ቅጠሉ ሆኖ ተገኘ። ከጦጣ ወገን መካከል በአንድ ተክል ላይ እንዲህ የተደገፈ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ቀርከሃው ለአጥር፥ ለቤትና ለቅርጫት ሲቈረጥ፥ ደኑም ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር ይህ ጦጣ ምን ሆነ? በሐረና ደንና በኦዶቡሉ ያለው ገና ሰፊ አገር አለው። በኮኮሳና በሌሎች ስፍራዎች በትንንሽ ደን የቀረው ግን ጠባዩን ለወጠ። ቀርከሃ ሲያንስበት ልዩ ልዩ ቅጠልና ሣር መብላት ጀመረ፤ ከደኑም ወጥቶ ወደ ገበሬው ማሳ ገባ። በዚህ ምክንያት ከገበሬው ጋራ ተጣላ። ከዚህም በላይ፥ ቀድሞ ደኑ ይለየው ከነበረው ከቆላው ጦጣ ጋራ ስለ ተገናኘ በአንዳንድ ስፍራ ዘሩ ተደባልቋል። ይህንም ሊቃውንቱ መርምረው አስረድተዋል። ስለዚህ አንድ ፍጥረት ሳይሞትም ሊጠፋ ይችላል፤ ልጆቹ እየኖሩ ወገኑ ያልቃልና።

ከጦጣ ወገን ውጭ ያሉትም አራዊት ከዚህ መከራ አላመለጡም። የሐርጌሳን አውራጃ በስሙ ያስጠራው ዝሆን ዛሬ ከዚያ በቅርብ የሚገኘው በ1970 በተከለለው በባቢሌ የዝሆን መጠለያ ነው፤ በዚያም ሰፈራና እርሻ መንገዱን ያጠብቡበታል። ነብር ሰፊ ግዛት የሚፈልግ ብቸኛ አውሬ ስለሆነ ደን ሲቈራረስ ፈጥኖ ይሄዳል። ነብር ሲጠፋ ገበሬው በግና ፍየሉ ስለ ዳኑለት ይደሰት ይሆናል። ነገር ግን በጋና አገር አንበሳና ነብር ከጠፉ በኋላ ዝንጀሮ እንደ በዛ፥ ሰብል ለመጠበቅም ልጆች ከትምህርት ቤት እንደ ቀሩ ታይቷል። በእኛም አገር ከዝንጀሮ እህል የሚጠብቁ ልጆች ስንት እንደ ሆኑ ወላጆች ያውቃሉ። የደን ጕዳይ የትምህርት ጕዳይም የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ጕዳቱ ወደ ደኑም ይመለሳል። ፍሬ የሚበሉ ጦጣዎችና ሌሎች እንስሳት ዘሩን በሆዳቸው ተሸክመው ከእናቱ ዛፍ ርቆ እንዲበቅል ያደርጋሉ። እነርሱ ሲጠፉ ዛፉ ፍሬውን ከእግሩ ሥር ጥሎ ይቀራል። ስለዚህ አራዊቱ ከደኑ እንግዶች ሳይሆኑ ከአትክልተኞቹ ናቸው።

ታዲያ ተስፋ የለምን? አለ። በብራዚል ወርቃማ ጠጕር ያለው አንበሴ ጦጣ የሚባል ትንሽ ፍጥረት አለ። በ1970ዎቹ ዓመታት በዱር የቀረው 200 ያህል ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። ከ1984 ጀምሮ በአራዊት ማቆያ የተወለዱትን ወደ ደን መለሱ። የተለያዩትንም ደኖች የሚያገናኝ ዛፍ በረድፍ ተከሉ። በ2020ም አውራ ጎዳና ለሁለት የከፈለውን ደን ለማገናኘት ከመንገዱ በላይ ድልድይ ሠርተው ዛፍ ተከሉበት። ቍጥሩም ዛሬ በሺህ የሚቈጠር ሆኗል።

ከሩቅ አገር ምሳሌ ግን የራሳችን ይበልጣል። በጎንደርና በጎጃም ደጋ ላይ ከአውሮፕላን ቍልቍል የተመለከተ ሰው፥ በታረሰው ምድር መካከል አረንጓዴ ነጥብ ነጥብ ሆኖ የሚያየው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። አባቶቻችን በጸሎት ቤት ዙሪያ ዛፍ መቍረጥን ስለ ከለከሉ የአገሩ ዘር በዚያ ተጠብቆ ኖሯል። እነዚህም ደኖች ብዙዎቹ ከጥቂት ሔክታር የማይበልጡ ደሴቶች ናቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ፥ ማርጋሬት ላውማን ከተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ ጋራ ሆነው፥ በደቡብ ጎንደር ካህናቱንና ሕዝቡን አስተባብረው ደኖቹን በድንጋይ ካብ ማስከበር ጀመሩ። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ስለሆነ ማሳው ለማረሻ ተመቸ፤ ካቡም ከብት ወደ ደኑ ገብቶ ችግኙን እንዳይበላ ከለከለ። ሁለቱም ወገን የተጠቀመበት ሥራ ነው። እኛ ባደግንበት በሰሜኑ አገርም በገዳማት ዙሪያ ይህን የመሰለ ደን አለ። በልጅነታችን የጥላውን ጥቅም እንጂ የዘሩን ጥቅም አላስተዋልነውም ነበር።

እንግዲህ ይህን ገጽ የሚያነብ ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? ጥቂት ምክር እናቅርብ።

አንደኛ፥ ከሰልን መቈጠብ ነው። ሙቀት የማያባክን ምድጃ መግዛት፥ ድስትን መክደን፥ ሽምብራንና ባቄላን ከማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ማገዶን ይቀንሳል። ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ የሚገኝበት ቤት ከሰሉን ለቡና ብቻ ቢያስቀር መልካም ነው።

ሁለተኛ፥ የዱር ግልገል አለመግዛት ነው። በሐርጌሳ አጠገብ በጌድ ዴብሌ፥ ከነጋዴዎች እጅ የተያዙ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች የሚያድጉበት ስፍራ አለ። ግልገሎቹ ከእናታቸው የተነጠቁት ከባሕር ማዶ ለባለጠጋ ቤት ጌጥ እንዲሆኑ ነው። ለጨዋታ ብሎ የጦጣ ግልገል በገመድ አስሮ ማሳደግም ከዚህ አይለይም።

ሦስተኛ፥ ዛፍ ስንተክል ቦታውን መምረጥ ነው። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ጠቃሚ ነው፤ የአገሩንም ዛፍ ከመጥረቢያ ያድናል። ለአራዊት ግን ጥድ፥ ወይራ፥ ዋንዛ፥ ግራር ያስፈልጋል። እነዚህም በወንዝ ዳርና በእርሻ ወሰን ላይ ደንን ከደን በሚያገናኝ ረድፍ ቢተከሉ፥ በአንድ ስፍራ ከታጨቁት ይልቅ ይጠቅማሉ። የተቀደደ ጋቢ የሚጠገነው ቁራጭን ከቁራጭ በመስፋት ነውና።

አራተኛ፥ መንግሥትና ባለጠጎች ከሰል አክሳዩን ከመክሰስ አስቀድመው ሌላ እንጀራ ሊፈልጉለት ይገባል። የተራበ ሰው በምክር ብቻ መጥረቢያውን አይጥልም።

ከሐርጌሳ በተነሣንበት ዕለት ያቺ ቤት ደግሞ ሻይ ተፈልቶ ነበር። እመቤቲቱ ሻዩን ካወረዱ በኋላ በምድጃው የቀረውን ፍም አንድ በአንድ እየለቀሙ በአመድ ቀበሩት። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ «ለማታ ይሆናል፤ ዛፉ ሩቅ ነው» አሉን። እኛም ከዚያ ወዲህ ፍም ሳይጠፋ ተጥሎ ባየን ቍጥር ይህ ቃላቸው ትዝ ይለናል። ዛፉ ሩቅ ነው፤ በዛፉ የሚኖረውም ከዕለት ወደ ዕለት እየራቀ ነው። እናንተም አንባቢዎቻችን ዛሬ ማታ ምድጃችሁን ስታጠፉ ይህን እንድታስቡ አደራ እንላለን።